በአበባው መሀል የቀረችው ድንጋይ

የካቲት 9 ቀን

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣ ለጉንዳኗ፤

ቅዝቃዜው ይራራልሽ፣ አለቃሽ ይለዝብልሽ፣ እግርሽን አያዳልጥሽ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደህና ነው፣ የቀሩት ጥርሶቼ ደህና ናቸው፣ ምላሴ ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ ደህና ነው። ይህን የሚጽፍልኝ ያው ጎረቤቴ ጡረተኛው ፖስተኛ ነው። ሠላሳ ዓመት የሰው ደብዳቤ ተሸክሞ ለራሱ አንድም ስላልመጣለት የኔን ሲጽፍ ደስ ይለዋል። (ሁለት መጥተውልኛል። ግን ጻፍ ያለኝን እጽፋለሁ። ጸሐፊው።)

የላክሽው ካፖርት ደርሶኛል። ግድግዳው ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ ግድግዳው ሞቆታል። ከእንግዲህ ልብስ አትላኪ።

ነገሬ ሌላ ነው። ዘንድሮ የበዓሉ ኮሚቴ ሊቀመንበር አድርጎ የመረጠው ባለመድኃኒት ቤቱን ነው። አንቺ አታውቂውም፤ ከሄድሽ በኋላ የመጣ ነው። ዳቦ ሊገዛም ሲወጣ ነጭ ጋውኑን አያወልቅም። ይኸው ሰውዬ የአበባውን ምንጣፍ ሥዕል በኮምፒውተር አሠርቶ፣ በአልጋ ልብስ በሚያክል ወረቀት አሳትሞ አመጣ። እያንዳንዱ ቦታ ቁጥር አለው፤ አንድ ነጭ ነው፣ ሁለት ክሬም ነው፣ ሦስት ቀይ ነው። «አባባ፣ ወረቀቱን ድንጋዩ ላይ ለጥፈን በየቁጥሩ መበተን ብቻ ነው» አለኝ።

መበተን! ለዶሮ ነው እንዴ?

እኔ ምንጣፉ የሚነጠፍበትን መንገድ ድንጋይ አንድ በአንድ በእነዚህ እጆቼ ያነጠፍኩ ሰው ነኝ። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ አምስት ዓመት፣ በየበዓሉ፣ በዚያው ድንጋይ ላይ አበባ አንጥፌያለሁ፤ ሲባጎ ወጥሬ፣ በጠመኔ ከብቤ። ከሰዓት በኋላ ሰልፉ ሲረግጠው አበባው ይጠፋል፣ ድንጋዩ ይቀራል። ሁለቱም የኔ ናቸው። ወረቀት መሀላችን ምን ይሠራል?

ኮሚቴው ተሰብስቦ፣ «እምብርቱን እንደ ወትሮው እሳቸው ይሥሩት፤ ግን በመጋቢቱ ሙከራ ሥራቸው ይታይ» ብሎ ወሰነ። ይታይ ነው ያሉት፣ ለእኔ! እምብርቱ ማለት መሀሉ ያለው ትልቁ ክብ ነው ብዬ ለአንቺ አልነግርሽም። ከእኔ ሌላ የነካው የለም፤ ከአንቺ በቀር።

አንድ ነገር ልጠይቅሽና ላብቃ። እዚያ የአበባ መጋዘናችሁ ውስጥ ነጩን ከክሬሙ የሚለዩት በዓይን ብቻ ነው ወይስ ሌላ ዘዴ አላቸው? እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው። ሰው እስኪሞት ይማራል።

አጎትሽ ድንጋይ አንጣፊው

—

መጋቢት 1 ቀን

ይድረስ ለውድ አጎቴ፣ ለጋሼ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ ይብዛ፣ ቤትዎ ይሙቅ፣ ደጅዎን ሰው አይጣው እላለሁ። ለጸሐፊዎም ሰላምታዬ ይድረስ፤ እጃቸው አይድከም። እኔ ደህና ነኝ። ካፖርቱን ግን ግድግዳው ከሚለብሰው እርስዎ ቢለብሱት ደስ ይለኝ ነበር።

ሥራችንን ያውቁታል። ቀዝቃዛ ክፍል ነው፤ ጣራው ዝቅ ያለ፣ ጠረጴዛው ረጅም፣ መብራቱ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ። ቀኑን ሙሉ አበባ በፊታችን ሲያልፍ ይውላል፣ ጋሼ፣ ግን አንድም የተከፈተ አበባ አናይም። ሁሉም እንቡጥ ነው። ከመካከሉ አንድ ቸኩሎ የተከፈተ ከተገኘ ተነቅሎ ይጣላል። ማታ ማታ የሚጣለውን በርሜል ባየሁ ቁጥር፣ እርስዎ ቢያዩት ክፍሉን በአንድ እግሩ ያቆሙት ነበር እላለሁ።

ስለጠየቁኝ ነገር፤ ከጎኔ የምትሠራ አንዲት ሴት አለች፣ ጓንት ስለማትለብስ «ጓንቴ» ነው የምንላት። በዚያ መብራት ነጩም ክሬሙም አንድ ይመስላል፤ እሷ ግን በጣቷ ትለየዋለች። የነጩን አበባ ቅጠል ሲያሹት እንደ ወረቀት ኮሽ ይላል፤ ክሬሙ ግን እንደ ሕፃን ጆሮ ነው፣ ድምፅ የለውም። ዓይኔን ጨፍኜ ሞከርኩት፤ ከአሥሩ ስድስቱን አገኘሁ። «ለጀማሪ አይከፋም፤ ለደንቆሮ ጣት ግን ይበዛል» አለችኝ።

ግን ጋሼ፣ ይህን እርስዎ እኔን ይጠይቁኛል? ሰባት ዓይነት ነጭ አለ ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉም? የኖራ ነጭ፣ የጥርስ ነጭ፣ የእንቁላል ነጭ፣ የጨው ነጭ፣ የአጥንት ነጭ፣ የጥጥ ነጭ። ሰባተኛው ጠፍቶኛል። እባክዎ ይንገሩኝ።

ሙከራው እንዴት እንደሆነ ይጻፉልኝ። ዓይንዎንም ይጠብቁ፣ የአዳራሹ ምድር ቤት ጨለማ ነው።

የእህትዎ ልጅ

—

መጋቢት 24 ቀን

ይድረስ ለጉንዳኗ፤

ፈጣሪ ያበርታሽ፣ ጤና አይንሳሽ። እኔ ደህና ነኝ።

ሙከራው አለፈ። በአዳራሹ ምድር ቤት፣ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር አነጠፍኩላቸው። ሲባጎውን ስወጥር ባለመድኃኒቱ በጋውኑ ኪስ ውስጥ እጁን ከቶ ቆሞ ያየኝ ነበር። ልብስ ሰፊዎቹ ሴቶች አበባ እየቀነጠቡ በቅርጫት ያቀብሉኛል፣ እኔ ነጩን ለብቻ፣ ክሬሙን ለብቻ እለያለሁ። ስጨርስ ሰው ሁሉ ዝም አለ። ከማድነቅ ብዛት ነው። ባለመድኃኒቱም «እጅዎ ይባረክ» ብሎ ወጣ። ምን ይበል!

ዓይንዎን ይጠብቁ ላልሽኝ፣ ዓይኔ ምን ሆነ? ከሰፈሩ ጫፍ ሆኜ የፖስተኛውን በራ አየዋለሁ። (ራሴን ያየው ሳይሆን አይቀርም፤ ፀሐይ ያርፍበታል። ጸሐፊው።) ያቺ ጓንቴ የምትሏት ሴትዮ ግን ጠንቋይ ናት። በጣት አበባ መለየት የጨዋ ሥራ አይደለም። ሞክሬውም አላውቅም።

ሰባተኛውን ነጭ ከረሳሽው ገና ተማሪ ነሽ ማለት ነው። አልነግርሽም።

አጎትሽ

(ልጄ፣ ከዚህ በታች ያለውን እሱ አላለም፤ መልሼ ሳነብለትም እዘለዋለሁ። ማንበብ የማይችል ወዳጅን እንዲህ ማድረግ ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ግን ሆድ ይፍጀው ብል ሆዴ እምቢ አለኝ። በሙከራው ቀን ሦስት ቅርጫት ቀላቀለ። ክሬሙን ነጭ ውስጥ፣ ነጩን ክሬም ውስጥ። የሰዎቹ ዝምታ ከማድነቅ አልነበረም። እሱ ከወጣ በኋላ ሴቶቹ ተቀምጠው እንደገና ለዩት፤ ሊቀመንበሩም እንዳያውቅ ተማማሉ። ቀን ቀን በመስኮቱ አየዋለሁ፤ አንድ አበባ ጆሮው ሥር ይዞ ያሻል፣ ያዳምጣል። ዓይኑን ሞራ እየጋረደው ነው።

ሌላም ነገር አለ። እምብርቱ መሀል ላይ መዳፍ የምታክል አንዲት ድንጋይ ሁልጊዜ አበባ ሳያለብስ ባዶዋን ይተዋታል። ለምን ስንለው ውሃ እንዲያስርግ ነው ይላል። አዲሱ ሊቀመንበር የጥንት ልማድ መስሎት በወረቀቱ ላይ አሳትሟታል፤ «የምንጣፉ ብሌን» ብሎ ስምም አውጥቶላታል። እኔ ግን ዓመቱን ስቆጥር፣ ድንጋይቱ ባዶዋን መቅረት የጀመረችው አንቺ በሄድሽ ዓመት ነው።)

—

ሚያዝያ 14 ቀን

ይድረስ ለውድ ጋሼ፤

እንዴት ከርመዋል? እንቅልፍዎ ይጣፍጥ፣ እርምጃዎ ይቅና፣ ያሰቡት ይሙላ። መልሴ የዘገየው ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ስለቀደድኩ ነው። ይኸኛውን ሳላነበው ፖስታ ውስጥ ከትቼዋለሁ።

ጋሼ፣ ዓይንዎ አያይም።

ተናደዱ፤ እሰማለሁ። ግን አስበው ይናገሩ፤ ሰባቱን ነጭ የሚያውቅ ሰው ነጭ እንዴት እንደሚለይ ሲጠይቅ፣ ጥያቄው ራሱ መልስ ነው። ሦስት ቅርጫት የቀላቀለ ሰው በበዓሉ ቀን ሠላሳ ይቀላቅላል። ያኔ ሴቶቹ ቁጭ ብለው የሚለዩበት ጊዜ አይኖርም። እርስዎ ጠመኔዎን ይዘው መሀል ቆመው፣ ሕዝቡ ዙሪያውን ቆሞ እንዲያ ሲሆን ማሰብ አልችልም።

የሞራ ነገር ዛሬ ቀላል ነው። አንድ ዓይን በአንድ ጊዜ ይገፍፉታል፤ የጓንቴ እናት ተገፍፎላት በሳምንቷ በመርፌ ቀዳዳ ክር አስገብታለች። ለባለመድኃኒቱም እርስዎ ራስዎ ይንገሩት፣ ከሌላ ከሚሰማ። በሰባት ዓመቴ ከአበባው በላይ በተጋደመው ሳንቃ ላይ በሆዴ አስተኝተው ወደ እምብርቱ ሲልኩኝ ያሉኝን አልረሳሁም፤ «ካልደረስሽ አልደረስኩም በይ፤ ደርሻለሁ ብለሽ አበባውን የደፋሽው ዕለት ነው የምጣላሽ» ነበር ያሉት። እርስዎንስ ማን ይጣላዎት?

ያቺን ድንጋይ በተመለከተ፤ የመጨረሻዋን ዕፍኝ የማኖርባት እኔ እንደነበርኩ አስታውሳለሁ። በዓሉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው መሄዴንም አስታውሳለሁ። ሥራው አይጠብቀኝም ነበር። ዘንድሮ ፈቃድ ጠይቄ ነበር፤ ያ ሳምንት እዚህ የሥራ ጥድፊያ ነው፣ አይሆንም አሉኝ። እንግዲህ በግልጽ ልናገር፤ አልመጣም። በእኔ የተነሳ ባዶዋን አይተዉዋት። ከጎንዎ የቆመ ሰው ያኑርባት።

የእህትዎ ልጅ

—

ግንቦት 27 ቀን

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፤

ሰላምታውን ጻፈው ብዬዋለሁ፤ የሰላምታ ሰው ነው፣ ያሳምረዋል። (ለተከበሩ እመቤት ልባዊ ሰላምታዬን በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት።) አየሽ? ሦስት ቃል ለሚበቃው ነገር ሰባት ቃል ያባክናል።

አዎ፣ ጸሐፊዬ ተለውጧል። ደብዳቤሽ ሲመጣ ፖስተኛው ሳይቆርጥ አነበበልኝ። «ሦስት ቅርጫት» የሚለው ላይ ሲደርስ ድምፁ ቀጠነ። ሦስት መሆናቸውን ያቺ ከየት አወቀች? አልኩት። ደብዳቤውን አጠፈ። ሌላ ምን ጽፈህላታል? አልኩት። ተነሥቶ መነጽሩን ጠራረገ። በሩን አሳየሁት። ይኸው አንድ ወር ሞላን፤ በየጠዋቱ በአጥር እንተያያለን፣ ማለቴ እሱ ያየኛል፣ እኔ ጥላ አያለሁ።

ለብቻዬ አሰብኩበት። አንድ ቀን ደረጃ ስቼ ወደቅሁና ክርኔ ተልጦ መድኃኒት ቤት ገባሁ። ባለመድኃኒቱ ክርኔን አሰረልኝ። ወረፋ የሚጠብቁ አራት ሰዎች ነበሩ። ዓይኔን ሞራ ጋርዶታል፣ ነጭህና ክሬምህ አይለይልኝም፣ እምብርቱን ለሌላ ስጠው አልኩት፣ በአራቱ ፊት። እሱ ምን ያለኝ ይመስልሻል?

«ለማን ልስጠው? የኔን ወረቀት በነፋስ ቀን ሞክሬዋለሁ፤ ከነቁጥሩ ጣራ ላይ ነው ያገኘሁት» አለኝ።

ወረቀቱ ላይ ውሃ ቢረጩበት ይቦካል፣ ባይረጩበት አበባው ይበራል። ይህን አንድ ጊዜ ጠይቆኝ ቢሆን እነግረው ነበር። (አልጠየቅኩም። እውነት ነው።)

ተስማማን። ቅርጫቶቹን በገመድ ምልክት አደረግንባቸው። ማንጠልጠያው ላይ አንድ ቋጠሮ ነጭ፣ ሁለት ቋጠሮ ክሬም፣ ሦስት ቋጠሮ ቀይ። በጣቴ ዳብሼ አነሣለሁ። ቀንጣቢዎቹ ሴቶች ይለያሉ፣ እሱ ከፊቴ ቆሞ ይመለከታል፣ እኔ አነጥፋለሁ። ስሳሳት ሳይሸፋፍን እንዲነግረኝ አስምዬዋለሁ። ትናንት ብቻ አራት ጊዜ «ተሳስተዋል» አለኝ። አፉ ጣፈጠው መሰለኝ። (አምስት ጊዜ ነው።)

ሐኪም ዘንድም ወስዶኛል። ከበዓሉ በኋላ ባለው ሳምንት የቀኙን ይገፍፉልኛል።

ይህን የሚጽፈው ሰው ኩራተኛ ነው፣ ወሬው እንደ መድኃኒቱ ወረቀት ረጅም ነው፣ ግን ቋጠሮው ጥብቅ ነው። ጻፍ! (ጽፌያለሁ።)

በጣቴም እሞክራለሁ። ለጓንቴ ንገሪያት፤ ከአሥሩ ስምንት ደርሻለሁ።

አጎትሽ

—

ሰኔ 10 ቀን

ይድረስ ለውድ ጋሼ፣ ለአዲሱ ጸሐፊም፤

ደስታዎ አይጉደል። ደብዳቤውን በሥራ ቦታ፣ በምሳ ሰዓት አነበብኩት። «አምስት ጊዜ ነው» የሚለው ላይ ስደርስ ሳቄ አመለጠኝና ጓንቴ ካልተረጎምሽልኝ አለች። ስምንት መድረስዎን ስነግራት አላመነችም፤ እሷ ሰባት ላይ ሦስት ዓመት ቆማለች።

አንድ ልመና አለኝ። ፖስተኛውን ይማሯቸው። ያደረጉት ነውር ነው፤ ግን ጋሼ፣ ከዚያ ሁሉ ሰው ዝም ያላለው አንድ እሳቸው ናቸው።

የሚቀጥለው ዓመት የፈቃድ መዝገብ ሲከፈት በመጀመሪያው መስመር ላይ ስሜን ጽፌያለሁ። ይሰጡኝ አይሰጡኝ አላውቅም፤ መጻፌን ግን ይወቁልኝ። ዘንድሮ ድንጋይቱን ያልብሷት።

የበዓሉን ቀን ሳያስቀሩ ይተርኩልኝ።

የእህትዎ ልጅ

—

ሐምሌ 12 ቀን

ይድረስ ለጉንዳኗ፤

ባለሽበት ሁሉ ይቅናሽ፣ የምትነኪው ይለምልም። ይህን የሚጽፈው የድሮው ፖስተኛ ነው። ይቅር ያልኩት ስለለመንሽኝ አይደለም። በበዓሉ ጠዋት ያንን ያረጀ የፖስታ ቦርሳውን በነጭ ጽጌረዳ ቅጠል ሞልቶ መጥቶ እግሬ ሥር አስቀመጠው። ማንገቻው ላይ አንድ ቋጠሮ ቋጥሮበታል። ከማን እንደተማረ እንጃ። ያ ቦርሳ በሠላሳ ዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚረባ ነገር ያዘ አልኩት። ታረቅን።

ጎህ ሲቀድ ጀመርን። ሌሊት ያደረው ጤዛ ስለነበረ ድንጋዩ ርሶ ቅጠሉን ጥሩ አድርጎ ያዘልን። ሲባጎውን እኔ ወጠርኩ፣ በጠመኔ እኔ ከበብኩ፤ ክብ ለመክበብ ዓይን አያስፈልግም፣ ክንድ ነው የሚያውቀው። ከዚያ ዳር ዳሩን ይዘን ወደ መሀል። ባለመድኃኒቱ ጋውኑን አውልቆ ነበር፤ ሰው ነው የሚመስለው። እኔ ቅርጫት እዳብሳለሁ፣ አኖራለሁ፤ እሱ «ትክክል፣ ትክክል፣ ወደ ግራ፣ ተሳስተዋል» ይላል። ረፋድ ላይ ድምፁ ተዘጋ፤ ከዚያ ወዲያ በእጁ ትከሻዬን መታ መታ ያደርገኝ ነበር። አንድ ጊዜ ሲመታኝ ትክክል፣ ሁለት ጊዜ ሲመታኝ ስህተት። ከጉሮሮው ይልቅ እጁ ጨዋ ነው።

ሰልፉ ሊመጣ ጥቂት ሲቀረው ያቺ ድንጋይ ብቻ ቀረች።

እንዳልሽኝ ላደርግ ነበር፣ ልዋሽሽ አልፈልግም። የመጨረሻዋን ዕፍኝ ነጭ ለባለመድኃኒቱ ሰጠሁት፣ ዓይን ሆኖኛልና። ሳንቃውን ሁለት ጡብ ላይ አጋደምንና በሆዱ ተኝቶ ተሳበ። ሳንቃው ጎበጠ። ሆድህን ሳብ! አልኩት። «ስቤዋለሁ!» አለኝ። የሳበው እንዲህ ከሆነ ያልሳበው ምን ሊሆን ነው? ሴቶቹ አፋቸውን በቀሚሳቸው ያዙ። ድንጋይቱ ዘንድ ሲደርስ ግን እጁን ዘርግቶ ቆመ።

«አባባ፣ ይህ ልማድ አይደል እንዴ? ሰው የሚመጣው ብሌኗን ሊያይ ነው። እንዴት እደፍናታለሁ?» አለኝ።

ልማድ አይደለም አልኩት።

«ታዲያ ምንድን ነው?»

የእህቴ ልጅ ቦታ ነው አልኩ። ጉንዳን ነበር የምላት። ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ እዚህች ላይ የመጨረሻዋን ዕፍኝ የምታኖረው እሷ ነበረች። ከሄደች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ውሃ እንዲያስርግ ነው እያልኩ የዋሸኋችሁ ለዚህ ነው።

ጮክ ብዬ ነው መሰለኝ የተናገርኩት፤ ውሃ የምትረጨዋ ሴት ማጠጫዋን ይዛ ቆመች። ባለመድኃኒቱ ወደ ኋላው እንደ ሸርጣን ተሳበ፣ ከሳንቃው ወረደ፣ ሸሚዙን አራገፈ፣ ዕፍኙን መልሶ መዳፌ ላይ አኖረልኝ። «የሰው ወንበር ላይ አልቀመጥም» አለኝ። በዚያ በተዘጋ ድምፁ። ድንጋይቱ ባዶዋን ቀረች። ሰልፉም መጣ፣ ረገጠው፣ አለፈ። ደስ የሚል ቀን ነበር።

አሁን ስለ ዓይኔ። የቀኙን ገፈፉልኝ። ፋሻው በተፈታ ቀን ባለመድኃኒቱ ምንጣፉን ከአዳራሹ ሰገነት ላይ ሆኖ ያነሣውን ፎቶግራፍ ይዞ መጣ። ትልቅ አድርጎ ነው ያሳተመው፤ ወረቀት መውደዱ አይተወውም። በመስኮቱ ብርሃን ያዝኩት። ነጩ ነጭ ነው። ክሬሙ ክሬም ነው። ቀዩን ተዪው፣ እሱንማ ዕውርም ያየዋል። እንዲህ ያለ እምብርት በዕድሜዬ አንጥፌ አላውቅም። ግን ከድንጋይሽ አጠገብ፣ ነጩ መሀል፣ አንዲት የክሬም ቅጠል ተኝታለች። እኔ ነኝ ያኖርኳት። ይህቺን ለምን አልነገርከኝም፣ ምለህልኝ አልነበር? አልኩት። «ያየኋት ሳንቃው ላይ ሆኜ ነው፤ ያኔ ስለ ልጅቱ እየተናገሩ ነበር፣ ላቋርጥዎ አልቻልኩም» አለኝ። መሐላ አፍርሷል። ምሬዋለሁ። ዘንድሮ ሰው መማር በዛብኝ።

ሰባተኛውን ነጭ ጠይቀሽኝ ነበር። ሰባተኛው ምንም ያልተጻፈበት ወረቀት ነው። አሁን ፖስተኛው የሚጽፍበት ወረቀት ላይ ያለውን ባዶውን ቦታ አየዋለሁ፤ እንዴት ያበራል! ሌላው ቦታ ሁሉ በጽሑፉ ተበላሽቷል።

ስለዚህ ባዶው ሳያልቅ አንድ ነገር አስጽፌ ልጨርስ። በሄድሽ ቀን መናኸሪያ ያልመጣሁት ጉልበቴን አሞኝ ነው ብዬ ለሰው ሁሉ አውርቻለሁ። ጉልበቴ ደህና ነበር። እዚህ በር ላይ ቆሜ የአውቶቡሱን ጥሩንባ ሰምቻለሁ።

ፈቃድ ከሰጡሽ ነይ። ካልሰጡሽ በመጀመሪያው መስመር ላይ ደግመሽ ተጻፊ። ሳንቃውን ቀይሬዋለሁ፤ ያንቺም ሆድ እንደ ድሮው አይሆንም። ድንጋይቱ ትጠብቅሻለች አልልሽም። ድንጋይ አንጥፌ ነው የኖርኩት፣ ጠባዩን አውቀዋለሁ፤ ድንጋይ ማንንም አይጠብቅም። የምጠብቅሽ እኔ ነኝ።

አጎትሽ ድንጋይ አንጣፊው

(ልጄ፣ ይህን መጨረሻውን ሲናገር «አላለቀሰም ብለህ ጻፍ» ብሎኛል። ጽፌያለሁ። ካፖርቱንም ከግድግዳው አውርዶ ለብሶታል። ጸሐፊው።)